የቆየ የመደርደሪያ ስፒከር የክሮስኦቨር ካፓሲተር በአነስተኛ ወጪ የሚለወጥበት አሠራር

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ የተሠሩ ትናንሽ የመደርደሪያ ስፒከሮች፣ ሣጥናቸው ካልተሰነጠቀና ዉፈራቸው (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክፍል) ካልተቀደደ፣ ዛሬ በርካሽ ከሚሸጡ ብዙ አዳዲስ ስፒከሮች የተሻለ ድምፅ ይሰጣሉ። በዕድሜ ብዛት ቶሎ ከሚደክሙት ክፍሎቻቸው አንዱ በሣጥኑ ውስጥ ተሰውሮ የሚገኘው የክሮስኦቨር ካፓሲተር ነው። እሱን ለመለወጥ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የካፓሲተሩን መጠን በትክክል ለይቶ ማወቅ፣ የደከመውን ከደህናው መለየትና ያለውን ገንዘብ ለውጥ በሚያመጣው ቦታ ላይ ማዋል ነው። ምንም ሳይለካ ውድ ካፓሲተር የሚገዛ ሰው ከስፒከሩ ዋጋ በላይ አውጥቶ ድምፁን ከፋብሪካው አሠራር ሊያርቀው ስለሚችል፣ ይህ መመሪያ ከግዢ በፊት በሚደረገው ምርመራ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ካፓሲተሩ ምን እንደሚሠራ

ክሮስኦቨር ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣውን ድምፅ ለዉፈርና ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ለትዊተር የሚያከፋፍል ክፍል ነው። ወደ ትዊተሩ በሚሄደው መስመር ላይ በተከታታይ የተቀመጠው ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ይገታል። በዉፈሩ መስመር ላይ ያለው ኮይል፣ ማለትም የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ፣ ተቃራኒውን ይሠራል። የሁለቱን ድንበር ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የካፓሲተሩ መጠን ነው። ለምሳሌ በ8 ኦም ትዊተር ላይ 4.7 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) የሆነ ካፓሲተር ብቻውን ቢቀመጥ ድንበሩ 4,200 ኸርዝ አካባቢ ይሆናል። በ3.3 ማይክሮፋራድ ቢተካ ግን ወደ 6,000 ኸርዝ ይወጣል፤ በመካከል ያለው ድምፅም ይሳሳል። ከተገቢው በላይ የሆነ ካፓሲተር ቢገባ ደግሞ ትዊተሩ ሊሸከመው የማይገባ ወፍራም ድምፅ ይደርሰዋል፤ ድምፁ ከፍ ሲልም የትዊተሩ ቀጭን ጥቅል ሽቦ ሊቃጠል ይችላል።

በቆዩ ስፒከሮች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዋልታ የሌለው፣ ማለትም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የማይለይ፣ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ነው። በላዩ ላይ ኤንፒ ወይም ቢፒ የሚል ምልክት ይኖረዋል። ይህ ዓይነት ካፓሲተር በፈሳሽ የራሰ ወረቀት ከአሉሚኒየም ቅጠል ጋር ተጠቅልሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ፈሳሹ ሲደርቅ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ የውስጥ ተቃውሞውም ይጨምራል። መጠኑ በተቃራኒው ከፍ ብሎ የሚገኝ አሮጌ ካፓሲተርም አለ። ሁለተኛው ዓይነት ከፕላስቲክ ፊልም የሚሠራው ነው። ፊልም ካፓሲተር የሚደርቅ ፈሳሽ የለውም፤ ስለዚህ በስፒከርዎ ውስጥ ፊልም ካፓሲተር ካገኙና ልኩ ደህና ከሆነ እንዳለ ይተዉት። ይህ ብቻውን ወጪውን ሊቀንስ ይችላል።

ስፒከሩን ከመክፈት በፊት

አንደኛው ስፒከር ደብዝዞ ወይም ቀጭን ድምፅ አጥቶ ሲሰማ በመጀመሪያ የግራውንና የቀኙን ስፒከር ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ያቀያይሩ። ድክመቱ ወደ ሌላኛው ስፒከር ከተዛወረ ችግሩ በአምፕሊፋየሩ ወይም በሙዚቃ ማጫወቻው በኩል ነው፤ ስፒከሩን መክፈት አያስፈልግም። ድክመቱ በዚያው ስፒከር ላይ ከቆየ አምፕሊፋየሩን ያጥፉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ የስፒከሩንም ሽቦ ይፍቱ።

በዉፈሩ ዙሪያ ያለውን ፎም በጣትዎ ቀስ ብለው ይንኩት። ፎሙ እየተፈረፈረ በጣትዎ ላይ ከቀረ ስፒከሩ ከካፓሲተሩ ይልቅ አዲስ ፎም ያስፈልገዋል፤ ገንዘብዎንም በቅድሚያ ለዚያ ያውሉ። ዙሪያው ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነና ካልተሰነጠቀ ወደ ቀጣዩ ሥራ ይለፉ።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ከ40 እስከ 60 ዋት የሆነ ሶልደሪንግ አይረን፣ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ሊድ፣ ናስትሮ፣ እንዲሁም ካፓሲተር የሚለካ ቴስተር ናቸው። ካፓሲተር የሚለካ ቴስተር ከሌለዎት ከሬዲዮ ጠጋኝ መዋስ ወይም እዚያው ወስዶ ማስለካት ይቻላል። የውስጥ ተቃውሞንም አብሮ የሚያሳይ ትንሽ የዕቃ መፈተሻ ካገኙ ግን የበለጠ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አሮጌ ኤሌክትሮሊቲክ መጠኑ ደህና መስሎ ውስጡ የደረቀ ሊሆን ይችላል። ለቧንቧ ሥራ የሚሸጠውን አሲድ ያለበት ማጣበቂያ ግን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ የመዳብ ሽቦውን ውሎ አድሮ ይበላዋል።

አከፋፈት

በአብዛኞቹ የመደርደሪያ ስፒከሮች ላይ ወደ ክሮስኦቨሩ የሚደረሰው ዉፈሩን በማውጣት ነው። ስፒከሩን በጀርባው በለስላሳ ጨርቅ ላይ ያስተኙት። ብሎኖቹን ሲፈቱ አንድ እጅዎ የካቻቢቴውን ብረት አጥብቆ ይያዝ፤ የዉፈሩ ማግኔት ኃይለኛ ስለሆነ ካቻቢቴው ድንገት ተስቦ የወረቀቱን ኮን ሊበሳው ይችላል። እኔ በዚህ ጊዜ የተቆረጠ ካርቶን በኮኑ ላይ መሸፈንን አጥብቄ እመክራለሁ። ብሎኖቹ ከወጡ በኋላም ዉፈሩ አልነቃነቅ ሊል ይችላል፤ ከሣጥኑ ጋር የሚያያይዘው ማሸጊያ በዕድሜው ስለሚጣበቅ ነው። በሁለት ቦታ እያፈራረቁ ከጠርዙ በታች በስስ ነገር ቀስ ብለው ያንሱት። በኮኑ ወይም በዙሪያው ፎም በኩል መጫን አይገባም።

ዉፈሩ ሲወጣ ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት ከተለያየ አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ፤ በየሽቦውም ላይ በናስትሮ ምልክት ያድርጉ። በብዙ ስፒከሮች ትዊተሩ ሆን ተብሎ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገልብጦ ተያይዟል። ይህ የፋብሪካ ስህተት አይደለም፤ በድንበሩ አካባቢ የሁለቱ ድምፅ እንዳይጠፋፋ የተደረገ ስለሆነ «ላስተካክለው» ብለው እንዳይገለብጡት።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው መሙያ ቢጫ ሆኖ የሚያሳክክ ከሆነ የመስታወት ጥጥ ነው። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው ያውጡት፤ በፕላስቲክ ከረጢትም ያስቀምጡት። መሙያው ለቤዙ ድምፅ የተለካ ስለሆነ ሳይቀነስና ሳይጨመር ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

ካፓሲተሩን ማንበብና መለካት

አሮጌ ኤሌክትሮሊቲክ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑን በግልጽ ይጽፋል። የአሜሪካ ዕቃዎች ማይክሮፋራድን ኤምኤፍዲ በሚሉ ፊደሎች ያመለክታሉ። በፊልም ካፓሲተር ላይ ግን ሦስት አኃዞች ብቻ ሊገኙ ይችላሉ፤ 475 ማለት 4.7 ማይክሮፋራድ፣ 335 ማለት 3.3 ማይክሮፋራድ ነው። ከአኃዙ ቀጥሎ ያለው የላቲን ፊደል ጄ ከሆነ ልኩ ከተጻፈው በ5 በመቶ፣ ኬ ከሆነ በ10 በመቶ፣ ኤም ከሆነ በ20 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል ይገልጻል።

ለመለካት ቢያንስ የካፓሲተሩን አንድ እግር ከቦርዱ ላይ ማንሳት ግድ ነው። እግሩ ሳይነሳ ቢለካ ቴስተሩ ኮይሉን፣ ሬዚስተሩንና ትዊተሩን ጭምር ስለሚያይ የሚያሳየው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም። እግሩን ካነሱ በኋላ ሁለቱን ጫፎች ለአፍታ አገናኝተው ያራግፉትና ይለኩት። የተለካው ከተጻፈው በ10 በመቶ ውስጥ ከሆነና የውስጥ ተቃውሞውም ከአንድ ኦም በእጅጉ ያነሰ ከሆነ ካፓሲተሩ ገና ያገለግላል። 4.7 የተጻፈበት ካፓሲተር 6 ወይም 3.5 ካሳየ ግን ለመለወጥ ደርሷል። የሁለቱንም ስፒከር ካፓሲተሮች ለክተው ቁጥሩን በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን ዘፋኙን ከመሃል ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብለው ይችላል።

በዚያው አጋጣሚ ትዊተሩንም ይፈትሹ። በካፓሲተሩ በኩል ቢለኩት ቴስተሩ ክፍት ነው ይላል፤ ስለዚህ ሽቦውን ነቅለው በራሱ በትዊተሩ እግሮች ላይ በኦም ይለኩ። 8 ኦም የተባለ ትዊተር ከ5 እስከ 7 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ጥቅል ሽቦው ተቃጥሏል፤ የትኛውም ካፓሲተር አያድነውም።

አንድ የታወቀ ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ፣ ኤድጋር ቪልቹርና ሄንሪ ክሎስ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቋቋሙት አኩስቲክ ሪሰርች የተባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ኤአር-4ኤክስ የሚባል ስፒከር አወጣ። በትዊተሩ መስመር ላይ 20 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከጀርባውም የትዊተሩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማዞሪያ አለው። ይህን ስፒከር የሚከፍቱ ሰዎች ደጋግመው እንዳዩት ቀጭኑን ድምፅ የሚያጠፋው ካፓሲተሩ ብቻ አይደለም፤ የማዞሪያው የውስጥ ብረት ዝጎ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ትዊተሩ ፈጽሞ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ማዞሪያ ያለው ስፒከር ካለዎት ከካፓሲተሩ በፊት ማዞሪያውን ደጋግመው ያዟዙሩት። ድምፁ ቢቆራረጥ ወይም ብቅ ጥልቅ ቢል ማዞሪያውን ፈትቶ ዝገቱን ማጽዳት ይቀድማል፤ ይህም ከጉልበት በቀር የሚያስወጣው ነገር የለም።

ምን መግዛት ይገባል

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ የእኔ ፍርድ የሚከተለው ነው፤ ከትዊተሩ ጋር በተከታታይ ላለው ካፓሲተር ፖሊፕሮፒሊን ፊልም ይግዙ፣ በዉፈሩ በኩል በትይዩ (ከዉፈሩ ሁለት እግሮች ጋር ጎን ለጎን ተያይዞ) ላለው ትልቅ ካፓሲተር ደግሞ አዲስ ዋልታ የሌለው ኤሌክትሮሊቲክ ይግዙ። በተከታታይ ባለው ካፓሲተር ውስጥ የትዊተሩ ድምፅ በሙሉ ስለሚያልፍ ጥራቱ ከሁሉም በላይ እዚያ ይፈለጋል። መጠኑ ከ10 ማይክሮፋራድ በላይ ሲሆን ግን ፊልም ካፓሲተር ውድና ግዙፍ ይሆናል። ለኤአር-4ኤክስ 20 ማይክሮፋራድ ለመሙላት ሁለት ባለ 10 ኤሌክትሮሊቲክ በትይዩ ማያያዝ ርካሽና ትክክለኛ መንገድ ነው፤ በትይዩ የተያያዙ ካፓሲተሮች መጠናቸው ይደመራልና። በዚህ ዘዴ 3.3 ማይክሮፋራድ ከ1.5 ጋር ተያይዞ 4.8 ይሰጣል፤ ይህም ለ4.7 ምትክ ይሆናል።

ቮልቱ ከአሮጌው እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። 100 ዋት አምፕሊፋየር በ8 ኦም ላይ የሚሰጠው ከፍተኛ ቮልት 40 አካባቢ ስለሆነ 100 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር ለቤት ስፒከር ይበቃል። 400 ቮልት የተጻፈበትም ቢሆን ይሠራል፤ ሰፋ ያለ ቦታ ከመውሰዱ በስተቀር የሚጎዳው ነገር የለም።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖር ሰው ለስፒከር ሥራ የሚሆኑ ካፓሲተሮችን በኢንተርኔት በቀላሉ ያዝዛል። በአዲስ አበባ ግን በኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቆች 4.7 ማይክሮፋራድ ፖሊፕሮፒሊን መጠየቅ ሁልጊዜ አይሳካም። በዚህ ጊዜ ለቬንቲሌተርና ለውኃ ፓምፕ የሚሸጠውን ካፓሲተር ይመልከቱ። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ አብሮ የሚቆየው የዚህ ዓይነት ካፓሲተር በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ፊልም ነው። 400 ወይም 450 ቮልት ተለዋጭ ጅረት ይችላል፤ ልኩም ብዙውን ጊዜ በ5 በመቶ ውስጥ ነው። አካሉ ግዙፍና መልኩ የማያምር ቢሆንም በክሮስኦቨር ውስጥ ሥራውን በደንብ ይሠራል። የቬንቲሌተሩ ከ2 እስከ 4 ማይክሮፋራድ አካባቢ፣ የፓምፑ ደግሞ 10፣ 16፣ 20 እና ከዚያም በላይ ይገኛል። ከዚህ ጋር ሞተር ማስነሻ የሚባለውን ካፓሲተር እንዳያምታቱ ይጠንቀቁ። እሱ ኤሌክትሮሊቲክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ድብልብል ሆኖ መጠኑ 88–108 እንደሚለው ባለ ሁለት ቁጥር ይጻፍበታል፤ ለስፒከር አይሆንም። ከማይክሮዌቭ ምድጃ ካፓሲተር ለማውጣትም አይሞክሩ፤ ምድጃው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ያለው ተራ ኤሌክትሮሊቲክ ብቻውን በክሮስኦቨር ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሊሞቅና ሊፈነዳ ይችላል። ሌላ ፈጽሞ ካልተገኘ ሁለት እኩል የሆኑትን ኔጌቲቮቻቸውን አገናኝቶ በተከታታይ ማያያዝ ይቻላል። መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ 5 ይሰጣሉ። ይህ ግን ለጊዜያዊ መፍትሔ እንጂ ለዘለቄታ የምመክረው አይደለም።

መለወጥና ማያያዝ

መጀመሪያ አንዱን ስፒከር ብቻ ይሥሩ። ሌላው እንዳለ ሲቆይ ውጤቱን የሚያመዛዝኑበት ማነጻጸሪያ ይሆናል። የሁለቱም ሥራ አንድ ላይ ቢጠናቀቅ የተሻሻለውንና የተበላሸውን ለመለየት የማስታወስ ችሎታዎን ማመን ብቻ ይቀርዎታል።

የሶልደሪንግ አይረኑን ጫፍ በእርጥብ ስፖንጅ ያጽዱና ትንሽ ሊድ ያቅምሱት። አሮጌው ሊድ አልቀልጥ ካለ በላዩ ላይ ጥቂት አዲስ ሊድ ይጨምሩበት፤ አዲሱ ሲቀልጥ አሮጌውንም ይዞት ይቀልጣል። ካፓሲተሩን እየጎተቱ ማውጣት የቦርዱን የመዳብ መስመር ስለሚገነጥል ሊዱ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ እስኪሆን ይታገሱ። አዲሱን ካፓሲተር ከመበየድዎ በፊት እግሩን በቀዳዳው አሳልፈው ወይም በተርሚናሉ ላይ ጠምዝዘው ያስይዙት። ከዚያ አይረኑን በሽቦውና በተርሚናሉ መገናኛ ላይ አሳርፈው ሊዱን ከአይረኑ ላይ ሳይሆን ከጋለው መገናኛ ላይ ያስነኩት። በደንብ የተበየደ መገናኛ ሊዱ ከሽቦው ላይ ወደ ጎን ተዘርግቶ ያብረቀርቃል። እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ የተቀመጠ ሊድ ውስጡ አልተያያዘምና እንደገና ያሙቁት። ሊዱ እስኪረጋ ድረስ ሽቦው መነቃነቅ የለበትም። መስኮት መክፈትና ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ አይዘንጋ።

ዋልታ የሌለውም ሆነ ፊልም ካፓሲተር በየትኛውም አቅጣጫ ቢገባ ለውጥ የለውም። የቬንቲሌተር ካፓሲተርን የመሰለ ትልቅ ዕቃ በቦርዱ ላይ ካልበቃ በሣጥኑ ግድግዳ ላይ አስቀምጠው በአጭር ሽቦ ያገናኙት፤ የተራቆተውንም መገናኛ በናስትሮ ይሸፍኑት። ስፒከሩ ሲጮህ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ስለሚንቀጠቀጥ ካፓሲተሩን በፕላስቲክ ማሰሪያና በትኩስ ሙጫ አጥብቀው ይያዙት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን መዳብ ስለሚያዝግ አይሆንም። ኮይሎቹንም ከቦታቸው አያንቀሳቅሱ፤ ሁለት ኮይሎች ሲቀራረቡ ወይም ከብረት አጠገብ ሲሆኑ ጠባያቸው ይለወጣል።

መፈተሽና መዝጋት

ሽቦዎቹን በፎቶው መሠረት ከመለሱ በኋላ በስፒከሩ የኋላ ተርሚናል ላይ በኦም ይለኩ። 8 ኦም የሆነ ስፒከር ከ5 እስከ 7 ኦም አካባቢ ካሳየ መልካም ነው። ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ካሳየ አንድ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል፤ በዚህ ሁኔታ አምፕሊፋየር ላይ ከተሰካ አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ከዚያ ሁለቱን ስፒከሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው አምፕሊፋየሩን ሞኖ ያድርጉትና በዝቅተኛ ድምፅ የሰው ንግግር ያጫውቱ። የሬዲዮ ዜና ለዚህ ከሙዚቃ ይሻላል፤ የ«ሰ»፣ የ«ጸ» እና የ«ሸ» ድምፆች በጣም ከደበዘዙ ወይም ከልክ በላይ ካፏጩ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። በባላንስ ማዞሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወሩ ያዳምጡ። የታደሰው ስፒከር የበለጠ ጥርት ካለ ሁለተኛውንም በዚያው ዓይነት ካፓሲተር ይሥሩ።

የታደሰው ስፒከር ጆሮ የሚያደክም ብሩህ ድምፅ ካወጣ ምክንያቱ በአብዛኛው ፊልሙ ከአሮጌው ኤሌክትሮሊቲክ ያነሰ የውስጥ ተቃውሞ ስላለው ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ያንን ተቃውሞ ከመጀመሪያው በሒሳባቸው ውስጥ አስገብተውት ነበር። መፍትሔው ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ 0.5 ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር መጨመር ነው። ካልበቃ 1 ኦም ይሞክሩ፤ ከዚያ በላይ መሄድ ግን ትዊተሩን እንደገና ያደበዝዘዋል።

ሲዘጉ መሙያውን ወደ ቦታው መልሰው ብሎኖቹን በሰያፍ ተራ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ፤ አንዱን እስከ መጨረሻ ካጠበቁት የዉፈሩ ብረት ሊጣመም ይችላል። አሮጌው ማሸጊያ ከተቀደደ በስስ የፎም ቴፕ ይተኩት። ሣጥኑ የአየር ቀዳዳ የሌለው ዓይነት ከሆነ በመጨረሻ የዉፈሩን ኮን በሁለት እጅ ጣቶች እኩል ጫን አድርገው ይልቀቁት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሣጥኑ አየር ይዟል። ወዲያው ተስፈንጥሮ ከተመለሰ አየር የሚያፈስ ቦታ አለና ዙሪያውን በእጅዎ እየዳሰሱ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ካልጠበቀ ብሎን ሥር ወይም ከኋላው ተርሚናል ዙሪያ ነው።